ምዕራፍ 7፦ ሾፌሩ የማያየው መሬት

በመንገድ ሥራ ሳይት ላይ ሠራተኛ በመኪና ሲገጭ ከሾፌሩ አፍ ቀድሞ የሚወጣው ቃል «አላየሁትም» ነው። ሰሚው ብዙ ጊዜ እንደ ማምለጫ ይቆጥረዋል። ፖሊሱ ይጽፈዋል፤ ፎርማኑ ራሱን ይነቀንቃል፤ የሟች ቤተሰብ «ያን የሚያህል ሰው እንዴት አይታይም?» ብሎ ይቆጣል። ቤተሰብ ቢቆጣ አይፈረድበትም። ሾፌሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነው። ይህ ምዕራፍ የሾፌሩን ቃል አምኖ ይነሳል፤ አላየውም፤ ከተቀመጠበት ሆኖ ሊያየውም አይችልም ነበር። አንድ ሙሉ ሰው በጠራራ ፀሐይ ከዓይን የሚሰወርበት ምክንያት ከገባን፣ «ተጠንቀቁ» የሚለው ምክር ብቻውን ለምን ሰው እንደማያድን አብሮ ይገባናል።

ባለፈው ምዕራፍ ስለ ቦይ መደርመስ ስንነጋገር አደጋው አንድ ቦታ ቆሞ የሚጠብቅ ነበር። ቦዩ የት እንዳለ ይታወቃል፤ ዙሪያውን ማጠር፣ ግድግዳውን መደገፍ ይቻላል። የዛሬው አደጋ ጎማ አለው። ጠዋት እዚህ ነበረ፣ አሁን እዚያ ነው፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ የት እንደሚሆን የሚያውቀው መሪ የጨበጠው ሰው ብቻ ነው።

ኩራዝ በሾፌሩ ወንበር ላይ

መብራት በሌለበት ቤት ውስጥ፣ ወለሉ መሃል ኩራዝ ተለኩሶ ተቀምጧል እንበል። የቤቱ ምሰሶ ከኋላው ጥቁር ጥላ ይጥላል። ጥላው ከምሰሶው ሥር ጠባብ ነው፤ ወደ ግድግዳው እየራቀ በሄደ መጠን ይሰፋል። ኩራዙን አንስተን ከፍ ብናደርገው፣ ወደ አንድ ጥግ ብናስጠጋው የጥላው መልክ ይለወጣል እንጂ ጥላ የሌለው ቤት አናገኝም። ጥላው ውስጥ የተቀመጠ ሕፃን ብርሃኑ አይደርሰውም፤ እሱም በበኩሉ ከተቀመጠበት ሆኖ ነበልባሉን አያየውም።

አሁን ያንን ኩራዝ ወስደን በገልባጭ መኪና ጋቢና ውስጥ፣ የሾፌሩ ዓይን በሚውልበት ከፍታ እንስቀለው። የበሩ ብረት፣ የፊት መስታወቱን ግራና ቀኝ የያዙት ቋሚዎች፣ ስፖኪዮው ራሱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከጀርባ ያለው ትልቁ የጭነት ሳጥን ምሰሶ ይሆናሉ። ብርሃኑ ያልደረሰበት መሬት ሁሉ ሾፌሩ የማያየው መሬት ነው። በዚህ ምዕራፍ «ስውር መሬት» እንለዋለን።

የአፈር ሥራ ማሽኖችን ዕይታ የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይ.ኤስ.ኦ. 5006፣ ፈተናውን የሚያካሂደው ልክ በዚህ መንገድ ነው። በኦፕሬተሩ ሁለት ዓይኖች ቦታ አምፖሎች ይበራሉ፤ በማሽኑ ዙሪያ ደግሞ ከመሃል እስከ ጠርዝ 12 ሜትር የሆነ ክብ ይሠመራል፤ ከዚያ ክቡ ላይ የወደቀው ጥላ ይለካል። ማንም ሰው ሳይጎዳ፣ ማንም ላይ ጣት ሳይቀሰር፣ ማሽኑ የሚደብቀው መሬት ወረቀት ላይ ይወጣል።

ናዮሽ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም በዚህ ዓይነት መንገድ ለብዙ የግንባታ ማሽኖች የስውር መሬት ካርታ አዘጋጅቷል። ካርታዎቹ የተሠሩት ለሦስት ከፍታ ነው፤ ለመሬቱ ለራሱ፣ ከመሬት 90 ሳንቲ ሜትር ላይ እና 1.5 ሜትር ላይ። የከፍታው ልዩነት ትርጉም አለው፤ ሰው ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ቆሞ ሲሄድ ራሱ ከጥላው በላይ ይወጣና ይታያል። ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ሲል ቁመቱ በግማሽ ያጥራል፤ ቁጢጥ ብሎ የጫማውን ክር ሲያስር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ከቦታው አንዲት እርምጃ ሳይነቃነቅ፣ ጎንበስ ስላለ ብቻ፣ ከሾፌሩ ዕይታ ወጣ።

«ስፖኪዮ አለው አይደል?» የሚል ይኖራል። አለው፤ ያለ እሱማ መኪናው ከግቢም አይወጣም። ነገር ግን ስፖኪዮ ወደ ጥላው የሚያሾልከው ቀጭን የብርሃን ሰቅ ነው። ጎበጥ ያለው መስታወት ሰፊ ቦታ ያሳያል፤ ያንኑ ያህል ሰውን ያሳንሳል፣ ቅርቡን ሩቅ ያስመስላል። ጠጠር መንገድ ላይ ግማሽ ቀን የሠራ መስታወት ደግሞ አቧራ ለብሷል። በዚያ ላይ ሾፌሩ ግራውንና ቀኙን በአንድ ጊዜ ማየት አይችልም። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ የሚሄድ መኪና በሰከንድ 2.8 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ዓይኑን ከግራ ወደ ቀኝ ወስዶ ለመመለስ ሁለት ሰከንድ ቢፈጅበት፣ በዚያ መካከል ከአምስት ሜትር በላይ ተጉዟል።

የሚገድለው ከውስጥም ነው

ብዙ ሰው የመንገድ ሠራተኛን የሚያሰጋው ከውጭ እየበረረ የሚመጣ ሚኒባስ ወይም አገር አቋራጭ አውቶቡስ ብቻ ይመስለዋል። ያም ስጋት እውነት ነው፤ ኋላ እንመለስበታለን። ናዮሽ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው መመሪያ ግን ከ1992 እስከ 1998 በአሜሪካ የመንገድ ሥራ ላይ የሞቱ ሠራተኞችን መዝገብ ሲመረምር ሌላም ነገር አገኘ። በእግራቸው ሆነው ሲሠሩ ተገጭተው ከሞቱት መካከል የሳይቱ የራሱ መኪኖችና ማሽኖች የገደሏቸው፣ በመንገዱ የሚያልፍ የሌላ ሰው መኪና ከገደላቸው ጋር የሚተካከሉ ነበሩ። የሳይቱ መኪኖች ካደረሱት ሞት ደግሞ ግማሽ ያህሉ የደረሰው መኪናው ወደ ኋላ ሲሄድ ነው።

ከኩራዙ ጋር ስናየው ይህ አያስገርምም። ከጭነት ሳጥኑ የሚበልጥ ምሰሶ የለም፤ ትልቁ ጥላ ያለው ከኋላ ነው፤ የኋላ ማርሽ ያስገባ ሾፌር መኪናውን በቀጥታ ወደ ራሱ ጥላ እየነዳ ነው። ከዚህ አንድ ከባድ ነገር ይከተላል። ሳይቱን ከውጭ ለማጠር የምንደረድረው ኮን፣ በርሜልና ሪባን ሁሉ ፊቱ ወደ ውጭ ነው፤ ከአጥሩ ውስጥ ላለው አደጋ አንዳች አያደርግም።

በአገራችን አንድ ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ በተራ ቀን የሚሆነውን እንከተል። ገልባጮቹ ከኳሪው ሰሌክት ማቴሪያል ጭነው ይመጣሉ። ዞረው፣ የኋላ ማርሽ አስገብተው፣ ቀድሞ የተደፋው ክምር ጋ እስኪደርሱ ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ ሳጥኑን አንስተው ይደፋሉ። ግሬደሩ ክምሩን ይበትናል። ውሃ ቦቴው እያርከፈከፈ ይከተላል። ሮለሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተመላለሰ ይጠቀጥቃል፤ ለሮለር ፊትና ኋላ የሚባል ነገር የለም፣ ከሥራው ግማሹ የኋላ ጉዞ ነው። በእነዚህ ሁሉ መካከል ደግሞ ሰዎች አሉ። ከተበተነው አፈር ውስጥ ትልልቁን ድንጋይ እየለቀሙ የሚያወጡ የቀን ሠራተኞች አሉ፤ ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው፣ ሥራቸው ጎንበስ ማለት ነው። ዓይኑን መሣሪያው ላይ ተክሎ ከፍታ የሚለካ ቀያሽ አለ። የጥቅጠቃውን መጠን ለመፈተን ትንሽ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ተንበርክኮ፣ ለብዙ ደቂቃ ከዚያው የማይነሳ የላቦራቶሪ ሠራተኛ አለ። እነዚህን ሰዎች አስተውለን ብናይ፣ ሁሉም ጀርባቸውን ለማሽኑ ሰጥተዋል ወይም አጎንብሰዋል። ይህን የሚያደርጉት ግድየለሽ ስለሆኑ አይደለም። ሥራው ራሱ እንዲህ ሁኑ ይላቸዋል።

ቆላ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በአፋር ሜዳ ወይም ከድሬዳዋ ወዲያ ባለው ሙቀት፣ በምሳ ሰዓት ዛፍ በሌለበት፣ ብቸኛው ጥላ የቆመው መኪና ነው። የደከመ ሠራተኛ ከጎማዎቹ መካከል ጋደም ይላል፤ እንቅልፍም ይወስደዋል። ሾፌሩ ምሳውን በልቶ ይመጣል፤ በግራ በር ወጥቶ ሞተር ያስነሳል። ከመውጣቱ በፊት መኪናውን አንድ ጊዜ ዞሮ ቢያየው የሚፈጅበት ከአንድ ደቂቃ በታች ነው። ሠራተኛው የሚያርፍበት ዳስ ወይም ሸራ ቢጣልለት ደግሞ መኪናው ሥር የሚያስገባው ምክንያት ባልኖረ። በእኔ አስተያየት በሞቃት አካባቢ ለሚሠራ ተቋራጭ ያ ሸራ ከራስ ቁር እኩል መጠየቅ ያለበት ዕቃ ነው።

ጩኸትና ቀለም

የተለመዱት መከላከያዎች ሁለት ናቸው፤ መኪናው ወደ ኋላ ሲሄድ የሚጮኸው ማስጠንቀቂያና ሠራተኛው የሚለብሰው አንጸባራቂ ሰደርያ። ሁለቱም ይጠቅማሉ፤ ሁለቱም ከሚታሰበው ያነሰ ይጠቅማሉ።

ከጩኸቱ እንጀምር። የተለመደው «ቢፕ ቢፕ» ባለ አንድ ቃና ድምፅ ነው። ጆሯችን ድምፅ ከየት እንደመጣ የሚያውቀው በሁለት መንገድ ነው። ወፍራም ድምፅ ሲሆን በግራና በቀኝ ጆሮ የሚደርስበትን ጥቃቅን የጊዜ ልዩነት ይጠቀማል፤ ቀጭን ድምፅ ሲሆን ጭንቅላታችን አንዱን ጆሮ ስለሚከልል የጉልበቱን ልዩነት ይጠቀማል። የማስጠንቀቂያው ቃና የሚውለው ብዙ ጊዜ በሁለቱ መካከል፣ ሁለቱም ዘዴዎች በሚደክሙበት ቦታ ነው። ስለዚህ ሠራተኛው ጩኸቱን ይሰማል፤ ከግራ ይምጣ ከቀኝ ለመለየት ግን ይቸገራል። አምስት ማሽኖች አብረው በሚጮኹበት ሳይት፣ ሮለሩ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ሲውል፣ ጆሮ ድምፁን እንደሌለ መቁጠር ይለምዳል። ብዙ ቃናዎችን አንድ ላይ የያዙ፣ የሚሽሸሸሹ አዳዲስ ማስጠንቀቂያዎች አቅጣጫቸው የተሻለ ይለያል፤ መኪና ሲገዛ መጠየቁ ተገቢ ነው።

ወደ ሰደርያው ስንመጣ፣ ደማቁ ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ጨርቅ ቀን ላይ የሚያበራው በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለውን የማይታይ አልትራቫዮሌት ጨረር ወደሚታይ ብርሃን ስለሚለውጥ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ይህ ችሎታው አብሮ ይጠፋል። ማታ የሚሠሩት በጨርቁ ላይ የተሰፉት ብርማ ሰቆች ናቸው፤ እነሱም የራሳቸው ብርሃን የላቸውም፣ የመጣላቸውን ወደ መጣበት ይመልሳሉ። ከፊት ለሚመጣ መኪና ይህ በጣም ጥሩ ነው፤ ትልቁ መብራት ያበራበታል፣ ሰቁ ወደ ሾፌሩ ዓይን ይመልሰዋል። ወደ ኋላ በሚሄድ ገልባጭ ግን ትልቁ መብራት ፊቱ ወዲያ ነው፤ የኋላዎቹ ደካማ ናቸው፤ አቧራም ሸፍኗቸዋል። ደግሞም ኩራዙን እናስታውስ። ስውር መሬት ውስጥ የቆመ ሰው የፈለገውን ቀለም ቢለብስ አይታይም። ሰደርያው የሚያገለግለው ብርሃኑ በሚደርስበት ቦታ ብቻ ነው።

በምዕራፍ 3 ያየነውን የመከላከያ መሰላል አንባቢ ያስታውሳል። ከላይ ያለው እርከን አደጋውን ከነጭራሹ ማስወገድ ነው፤ ከታች ያሉት የሰውን ጥንቃቄና የሚለበሰውን ዕቃ የሚጠይቁ ናቸው። ጩኸትና ሰደርያ ታችኞቹ እርከኖች ላይ ናቸው። ይደረጉ፤ ነገር ግን እነሱን አድሎ «ሥራዬን ጨርሻለሁ» የሚል ኃላፊ መሰላሉን ገና መውጣት አልጀመረም።

መንገዱ ውስጥ ያለው ሌላ መንገድ

ላይኛው እርከን ምን ይመስላል? ወረቀት ላይ የተሣለ ካርታ ይመስላል። የመንገድ ሥራ ሳይት ራሱ ብዙ መኪና የሚመላለስበት መንገድ ነው፤ የሚገርመው የራሱ የትራፊክ ሕግ የሌለው መሆኑ ነው። ናዮሽ በ2001 መመሪያው ካቀረባቸው ዋና ምክሮች አንዱ ይህን ይሞላል። ሳይቱ የውስጥ የትራፊክ ዕቅድ ይኑረው ይላል። ገልባጮች በየት ይገባሉ፣ በየት ይወጣሉ፣ የት ይዞራሉ፤ የኋላ ማርሽ የሚፈቀደው የት ብቻ ነው፤ በእግር ያለ ሰው የማይረግጠው የቱ ነው፤ ማሽን የማይደርስበትስ የቱ ነው?

የዚህ ዕቅድ ትልቁ ጥቅም የኋላ ጉዞን መቀነስ ነው። ገልባጩ በአንድ በኩል ገብቶ፣ እየሄደ ደፍቶ፣ በሌላ በኩል የሚወጣበት ክብ መስመር ከተሠራለት፣ ወደ ራሱ ጥላ የሚነዳበት ጊዜ ያጥራል። ክብ መስመር የማይቻልበት ቦታ በርካታ ነው። የዓባይ በረሃን ወይም ሊማሊሞን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው ግድግዳ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ በየተወሰነ ርቀት መዞሪያ መቁረጥ ይቻላል። ሰውንና ማሽንን በቦታ መለየት ሲያቅት ደግሞ በጊዜ መለየት አለ። ገልባጮቹ ሲደፉ ድንጋይ ለቃሚዎቹ ከመስመሩ ወጥተው ይቆማሉ፤ ገልባጮቹ ሲወጡ እነሱ ይገባሉ። ሥራው ትንሽ ይዘገያል። ይህን መዘግየት እንደ ኪሳራ የሚቆጥር ሰው አንድ አደጋ ሳይቱን ስንት ቀን እንደሚያቆመው ቢያሰላ ሐሳቡን ይለውጣል።

ትናንሽ የሚመስሉ ውሳኔዎችም የካርታው አካል ናቸው። የመጠጥ ውሃው በርሜልና መጸዳጃው የተቀመጡት ከገልባጮቹ መስመር ማዶ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ በቀን ብዙ ጊዜ መስመሩን እንዲያቋርጥ ፈርደንበታል። ወዲህ ማዶ ማምጣት ምንም ወጪ የለውም።

የኋላ ጉዞ ግድ ሲሆን ሰው ያስፈልጋል። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ደንብ የኋላ ዕይታው የተከለለ መኪና ወደ ኋላ እንዳይሄድ ይከለክላል፤ የሚፈቅደው ከአካባቢው ጫጫታ በላይ የሚሰማ ማስጠንቀቂያ ካለው ወይም አንድ ሰው ቆሞ መንገዱ ነጻ መሆኑን ምልክት ከሰጠው ብቻ ነው። እኛ አገር ይህ ሰው ከጥንትም አለ፤ ረዳቱ ነው። «ና! ና! ቁረጥ! መልስ! በቃ!» ሲል የምንሰማው እሱን ነው። ትልቅ ሀብት ነው፤ ግን ሁለት ነገር ይጎድለዋል። አንደኛ፣ ብዙ ጊዜ የሚቆመው በቀጥታ ከመኪናው ኋላ፣ ማለትም ከስውር መሬቱ መሃል ነው። ሁለተኛ፣ የሚጠቀመው ድምፁን ነው፤ ሮለር ባለበት ቦታ ድምፅ አይሰማም። ረዳቱ መቆም ያለበት ጎን ላይ፣ የሾፌሩን ፊት በስፖኪዮ ውስጥ በሚያይበት ቦታ ነው፤ እሱ የሾፌሩን ፊት ካየ ሾፌሩም ያየዋል። ትእዛዙም በእጅ ምልክት ይሁን። ከሁሉ የሚበልጠው ሕግ ግን የሾፌሩ ነው፤ ረዳቱ ከመስታወቱ የጠፋ እንደሆነ በዚያው ቅጽበት ፍሬን መያዝ።

ከውጭ ለሚመጣው መኪና

በሚያልፍ መኪና የሚደርሰው አደጋ የራሱ ስሌት አለው፤ በአጭሩ እንየው። አንድ መስመር ስንዘጋ መኪኖቹ ቀስ ብለው ወደ ጎን እንዲሸሹ ኮኖቹ አግድም እያጠበቡ ይደረደራሉ። እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ የሚታተመው የአሜሪካ የትራፊክ ምልክቶች መመሪያ ለዚህ ጠባብ መስመር ርዝመት ቀመር አለው። እስከ 60 ኪሎ ሜትር ለሚደርስ ፍጥነት፣ የሚዘጋው ስፋት በሜትር በፍጥነቱ ሁለት ጊዜ ይባዛና ለ155 ይካፈላል። 3.5 ሜትር ስፋት ያለው መስመር በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 36 ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ በ60 ግን 81 ሜትር። ፍጥነቱ በግማሽ ሲጨምር የሚያስፈልገው ርዝመት ከእጥፍ አለፈ። ከዚያ በኋላም ኮኑን ጥሶ የመጣ መኪና የሚቆምበት ባዶ መሬት መተው አለበት፤ ማቴሪያል የማይከመርበት፣ ሰው የማያርፍበት። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሥራ ሌት ተቀን ሲካሄድ ያየ ሰው፣ በተጨናነቀ ከተማ ይህን ያህል ቦታ ማግኘት እንዴት ከባድ እንደሆነ ይረዳል። ቦታው ከታጣ ማድረግ የሚቻለው ፍጥነቱን ማውረድ ነው፤ ቀመሩ ራሱ የሚለው ይህንን ነው።

ቢያጆ

አደጋ ከደረሰ በኋላ «ተጠንቀቅ ተብሎ ነበር» የሚለው አባባል ከሐሜት ያለፈ ክብደት አለው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 96 መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሠራተኛው ላይ ለሚደርስ የሥራ ጉዳት ኃላፊ ነው። ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ጥሶ ከሆነ ግን ጉዳቱን ሆን ብሎ እንዳደረሰ ይቆጠራል፤ የአሠሪው ኃላፊነት ይቀራል። ስለዚህ ስውር መሬት ውስጥ እንዲሠራ የተመደበን ሰው «መኪና ተጠንቀቅ» ብሎ ማስፈረም ቀላል ነገር አይደለም፤ የሟች ልጆች የሚያገኙትን ሊወስን ይችላል። የሚፈረመው ወረቀት ሠራተኛው የት ይቆማል፣ ማሽኑ የት ይሄዳል የሚለውን የማይናገር ከሆነ፣ ጥንቃቄውን ሁሉ ማየት በማይችል ሾፌርና ጀርባውን በሰጠ ሠራተኛ ላይ ጥሏል።

የክፍያው መንገድም እዚሁ ውስጥ አለ። ብዙ ገልባጮች ለሳይቱ የሚሠሩት በኪራይ ነው፤ ሾፌሩም ባለቤቱም የሚያገኙት በቢያጆ ቁጥር ሲሆን፣ መኪናውን ዞሮ ማየት፣ ረዳት መጠበቅ፣ ረጅሙን ክብ መስመር መከተል ሁሉ ከኪሳቸው የሚወጣ ጊዜ ይሆናል። ጠዋት ላይ የተሣለው ካርታ እስከ ከሰዓት የሚቆየው የቢያጆው ዋጋ ሲሰላ እነዚህ ደቂቃዎች ከታሰቡ ነው። ይህ የሚወሰነው ሳይት ላይ አይደለም። ጨረታው ሲወጣ፣ መዞሪያው፣ ረዳቱ፣ የማረፊያ ሸራውና የውስጥ ትራፊክ ዕቅዱ በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ የየራሳቸው መስመርና የየራሳቸው ዋጋ ይኑራቸው። «ጠቅላላ ወጪ» በሚል አንድ መስመር ውስጥ ከተጨመቁ፣ ዝቅተኛ ዋጋ ለማቅረብ የሚሽቀዳደሙ ተቋራጮች መጀመሪያ የሚቆርጡት እነሱን ነው።